ከመዶሻው ቀድመው የደረሱት ቄስ አምብሮስ ቴልዌል

አጎታችን ቄስ አምብሮስ ቴልዌል ከአባታቸው ከጊልበርት ቴልዌልና ከእናታቸው ከሲስሊ ሃርት በእንግሊዝ አገር፣ በሊንከንሻየር፣ ሆልቢ መንደር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1598 ዓ.ም. ተወለዱ። ላቲን ከደብሩ ቄስ ተምረው፣ ትምህርታቸውን በካምብሪጅ አጠናቀው፣ ማዕረገ ቅስና ተቀብለው ወደ ሆልቢ ተመለሱ። በ1627 ዓ.ም. ከወይዘሮ ቶማሲን ጋር ተጋብተው ማርጀሪንና ራልፍን ወልደዋል።

የአብያተ ክርስቲያናትን ታሪክ መጻፍ የጀመሩትም ያኔ ነው። መጻሕፍት ብቻ አልበቋቸውም፤ መቃብር ቆፋሪውን፣ ደወል ደዋዩን፣ አሮጊቶቹን ሁሉ በጥያቄ ያጣድፉ ነበር።

ንጉሡና ፓርላማው ጦር በተማዘዙ ጊዜ፣ የፓርላማው ወታደሮች እንደ ጣዖት እየቆጠሩ የሙታን ስም የተቀረጸበትን የመቃብር ነሐስ እየነቀሉ፣ የድንጋዩን ጽሑፍ በመዶሻ እየፈለጡ ወደ ወረዳችን መቃረባቸው ተሰማ። አጎታችን ወዲያው ፈረሳቸውን ጫኑ።

“አንተ ሰውዬ፣ ቁርስህስ?” አሉ ባለቤታቸው።

“ቁርስ ነገም አለ፤ የአባቶቻችን ስም ግን ነገ የለም!”

ከደብር ደብር እየጋለቡ በድንጋይና በነሐስ የተቀረጸውን ሁሉ ወደ ወረቀት ገለበጡ። ማርልቶርፕ ደብር ላይ ግን ወታደሮቹ ደረሱባቸው። ሻምበሉ ሰይፉን መዘዘ።

“የማን ወገን ነህ? የንጉሡ ወይስ የፓርላማው?”

“የሙታን ወገን ነኝ፤ ከሁለታችሁም እንበዛለን!”

ሻምበሉ በሳቅ ፈነዳ። “በል እንግዲህ ቄሱ፣ ምሳችንን በልተን እስክንነሣ ፍጠን!”

ወታደሮቹ ዳቦና አይብ ሲበሉ አጎታችን የግድግዳውን ጽሑፍ ሊገለብጡ መሰላል ላይ ወጡ። መሰላሉን የያዘላቸው ወታደር በድንገት ቀና ብሎ ስሙን አነበበና፣ “አባ፣ ያ እኮ አያቴ ነው! ስሙን አደራ እንዳያበላሹት!” አለ። የዚያን ቀን በማርልቶርፕ መዶሻ የሚያነሣ ሰው ጠፋ!

መጽሐፋቸው በ1656 ዓ.ም. ሲታተም የሁለቱንም ወገን ጥፋት ስለሚናገር የንጉሡም የፓርላማውም ሰዎች ተቆጡ። አጎታችን ግን፣ “ሁለቱም ከተቆጡማ እውነቱን አግኝቼዋለሁ!” ብለው ጮቤ ረገጡ። በፓርላማው ሰዎች ከደብራቸው ቢባረሩም፣ የተገደሉት ንጉሥ ልጅ ከስደት ተመልሰው ሲነግሡ በ1660 ዓ.ም. በክብር ተመለሱ። ዛሬ መቃብር የፈረሰባቸው ቤተሰቦች መጽሐፉን እያስነበቡ ድንጋዩን ዳግም እያስቀረጹ ነው።

በሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥቅምት 9 ቀን 1663 ዓ.ም. በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና እኛ የእኅታቸው ልጆች ከኋላቸው ቀርተናል።

የዘመናት አምላክ ዕድሜ ልካቸውን ታሪካቸውን ከፈለጉላቸው አባቶች ጋር ያገናኛቸው፤ መልስ ያላገኙለት ጥያቄ ካለም እዚያው ፊት ለፊት ይጠይቋቸው። አሜን!