ከአሳማው በረት ጀርባ የበቀለችው ሄስተር

ውድ አክስቴ ኡርሱላ፣

ይህን የምጽፍልሽ ቆሜ ነው፤ መቀመጥ አቅቶኛል። ሄስተር ሞተች። የአያቴ ፖም፣ ልጣጯ ሻካራ፣ ስትለቀም ፊት የምታጨማድደው፣ ገለባ ላይ ስትከርም ግን ማር የምትሆነው ሄስተር!

ዛፏ የደረቀችው ባለፈው በጋ ነው። አያቴ ግን «እረፍት እየወሰደች ነው» አለ። የመንደሩ ሽማግሌዎችም «አዎ፣ እረፍት ላይ ናት» አሉ። በጥር እንደ ልማዳቸው ከበው ዘፈኑላት፤ በፖም ጠጅ የራሰ ዳቦ ሰቀሉላት፤ ክፉ መንፈስ እንዲሸሽ ጎረቤታችን ሚስተር ሆስጉድ ወደ ሰማይ ተኮሱ። ያኔ ትልቁ ቅርንጫፍ ቋ ብሎ ተገንጥሎ ባርኔጣቸው ላይ አረፈ።

«ገደልካት!» አለ አያቴ።

«ዊልፍሬድ፣ ሬሳ ደግሞ እንዴት ይገደላል?» አሉት ሚስተር ሆስጉድ።

ሳቄን ለመዋጥ ሻርፔን ነከስኩ። አያቴ ዳቦውን ከመሬት ለቅሞ ደረቱ ላይ ሲያቅፈው ሳየው ግን ሳቁ ራሱ ጠፋ።

ፍሬዋን ብንዘራ ሌላ ዓይነት ፖም ነው የሚወጣው። ቅርንጫፏን ቆርጠን ሌላ ግንድ ላይ ካልቀጠልን ሄስተር የለችም። አያቴ ደግሞ ለጎረቤት አንዲት ጭራሮ ሰጥቶ አያውቅም። የቀረችው ከእሷ ተቀጥላ ያደገችው፣ ስኮትላንድ ስትሄጂ መኪና ላይ የጫንሻት ያንቺዋ ችግኝ ብቻ ናት።

አዎ፣ ያባረረሽን ቀን አስታውሳለሁ። «ለቅድመ አያቴ ጳጳስ ነው ያመጣላት» እያለ ለእንግዶች ሲጎርር፣ «የምን ጳጳስ! ከአሳማው በረት ጀርባ ከተደፋ የፖም አተላ ነው የበቀለችው» አልሽው። መንደሩ ሳቀበት። ስድስት ዓመት መኳረፍ! ለአንድ አሳማ!

እባክሽ፣ እምቡጧ ሳያብጥ ጥቂት ቅርንጫፍ ቆርጠሽ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ በፖስታ...

ወይ ጉዴ! አያቴ ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል።

«ለማን ነው?»

«ለጥርስ ሐኪሜ።»

«‹ውድ አክስቴ› የሚባል የጥርስ ሐኪም አለ?»

ወረቀቱን ወስዶ አነበበው። እንዳይቀደው እጄን ዘርግቼ ጠበቅኩ። ግን ሳይቀደው መለሰልኝ።

«በፖስታ ይደርቃል። ራሷ ታምጣው በያት።»

በእርጥብ ጨርቅ ከተጠቀለለ ወር እንደሚቆይ ያስተማረኝ እኮ እሱ ነው! እኔም ብዕሬን አንስቼ እንዳለኝ ጻፍኩ።

ነይ። ባቡር ጣቢያ እጠብቅሻለሁ። እሱም ይመጣል፤ «የጫማ ማሰሪያ ልገዛ ነው የመጣሁት» ብሎ ይምላል፤ እኛም እናምነዋለን።

መቀመጥ ያቃታት፣
ታምሲን