የአደይ አባት

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6። ከሰዓት።

ሦስተኛ ክ/ጊዜ፣ 11ኛ ለ። የሸዋ ሮቢት ሙቀት ታኅሣሥ አይል ምን አይል። ጠመኔው በእጄ ላብ ራሰ። የዕለቱ ትምህርት የአሜሪካ የነፃነት አዋጅ። ለምን ታወጀ? ከእንግሊዝ ንጉሥ መለየታቸውን ለዓለም ለማሳወቅ፣ አጋር ለማግኘት። ሰው ሁሉ እኩል ተፈጠረ የሚለው ጋ ስደርስ ተማሪዬ ሕይወት እጇን አወጣች። ከጻፉት ሰዎች የባሪያ ጌታ የነበረ አለ ወይ? አለ፤ ዋናው ጸሐፊ ራሱ። ክፍሉ ተንጫጫ። ረቂቁ ላይ የባሪያ ንግድን የሚያወግዝ አንቀጽ እንደነበረም ነገርኳቸው። ሁሉም እንዲስማማ ተብሎ ተሰረዘ።

ከዚያ ምን እንዳቅለበለበኝ እንጃ፣ እኛስ ብዬ ጀመርኩ። አሊዩ አምባ ገበያ ጨውና ቡና ብቻ አልነበረም የሚሸጠው፤ ሰውም ይሸጥ ነበር። ለጋብቻ ሰባት ቤት ስንቆጥርም ዝምድና ብቻ አይደለም የምናጣራው፣ ማን ከባሪያ እንደተወለደም ነው አልኩ። እስቲ ቁጠሩ! ሕይወት እርስዎ ይቅደሙ አለች። ቆጠርኩ። በእናቴ በኩል አደይ የምትባለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። የአደይ አባትስ? አላውቅም አልኩ። ከኋላ አንዱ ሳቀ።

ሕይወት የዳዊት እኅት ናት። ዳዊት ታናሼን ብርቱካንን በጥር ሊያገባ ነው። እግዚኦ፣ ይሄ አፌ!

ረቡዕ፣ 8።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ገበያ የዳዊትን እናት አገኘሁ፣ ሽንኩርት ስትመርጥ። ሰላም አልኳት። ነጠላዋን አስተካክላ ዞረች። ባለፈው ሳምንት ጉንጬን እየሳመች ልጄ ስትለኝ የነበረችው ሴት! የባጃጁ ሹፌርም በመስታወት ያየኛል። ወይስ እየመሰለኝ ነው?

እማዬን ጠየቅኳት። ማሾ ትለቅም ነበር፣ እጇ ቆመ። አደይ የእማዬ ቅድመ አያት ናት። በልጅነቷ አሊዩ አምባ ተሸጣ ነው ይፋት የገባችው። ከየት እንደመጣች ራሷም አታውቅም፣ አባቷን ማን ብላ ትጥራ? ጌታዋ አስረገዛት፣ እኛም ከዚያ መጣን። ዝም አይነቅዝም አለችኝና ማሾዋን መልቀም ቀጠለች። ዕድሜዋን ሙሉ ይህን ይዛ መኖሯን አላውቅም ነበር።

ዓርብ፣ 10።

እሑድ የዳዊት ሽማግሌዎች መጥተው ሰባት ቤት ሊቆጠር ነበር። ተራዘመ ብለው ላኩ። ምክንያት የለም። ብርቱካን ትደውላለች፣ ዳዊት አያነሳም። እህል አልቀመሰችም፣ እኔን አታናግረኝም። በእሷ ቦታ ብሆን እኔን እደበድብ ነበር።

ት/ቤት ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ተጽፎ ጠበቀኝ። እዚህ አልጽፈውም። በመዳፌ አጠፋሁትና አስተማርኩ። 

እሑድ፣ 12።

ጋሽ ታደሰ ብቻቸውን መጡ፣ የዳዊት ወገን ሽማግሌ። ደግ ሰው ናቸው፤ ያስፈራኝም ደግነታቸው ነው። መላ ይዘው መጥተዋል። ማክሰኞ ይቆጠራል፣ ሠርጉም ይቀጥላል። ሲቆጠር አደይ ትዘለል፤ በእሷ ፈንታ አጎታችን ጋሽ ከበደ የደህና ሰው ስም ያስገባ። አንድ ነገር ብቻ፦ ነገሩ የመጣው በእማዬ ዘር በኩል ስለሆነ፣ በሠርጉ ቀን እንግዳ ፊት አትቀመጥ። ጓዳ ትሁን። ምርቃቱንም አጎት ይስጥ። ቀስ ብለው፣ የሚመርቁ ይመስል ነው የተናገሩት።

እማዬ እሺ አለች። ወዲያው! ወጡንስ ማን ያየዋል፣ ጓዳ ይሻለኛል አለች። ጎንበስ ብላ አመሰገነቻቸው። ማስታወሻዬ፣ ያንን ጎንበስ ማለት ማየት አቃተኝ። ደጅ ወጥቼ አለቀስኩ። ያንን የአዋጁን አንቀጽ የሰረዙትም እንዲሁ በትሕትና፣ በመስማማት ሳይሆን አይቀርም።

ለብርቱካን እንዳልነግራት እማዬ አስማለችኝ።

ሰኞ፣ 13። ማታ።

ነገርኳት። መሐላዬን አፈረስኩ። እሺ እንዳትል ፈርቼ ነበር፤ ዳዊትን ትወደዋለች።  እሷ ግን እማዬ ጓዳ ከሆነች እኔን ማን ይሞሽረኛል ብላ ጠየቀችኝ። 

ለዳዊት ደወለች። ዛሬ አነሳ። ምን አለበት፣ የአንድ ቀን ነገር ነው አላት። ስልኩን ዘጋችበት።

ማክሰኞ፣ 14። ጠዋት።

ሽማግሌዎቹ መንገድ ላይ ናቸው። ጋሽ ከበደ ጥግ ይዞ የተዋሰውን ስም ይሸመድዳል። በከንቱ ነው። የምቆጥረው እኔ ነኝ ብላዋለች ብርቱካን። ሴት ቆጥራ አታውቅም ብሎ ጮኸ፣ አልሰማችውም። አደይን በስሟ ልትጠራ ነው፤ አባቷ አይታወቅም፣ ተሸጣ ነው የመጣችው ልትል ነው። ዳዊት ይህን ሰምቶ ከፈለገ ይውሰዳት። ካልፈለገም መንገዱን ያውቀዋል። 

እማዬን የክት ቀሚሷን አልብሰን ትልቁ ወንበር ላይ አስቀምጠናታል። አታዋርዱኝ ትላለች። ልነሣ ትላለች። አጠገቧ ተቀምጬ እጇን ይዣለሁ፣ በሌላው እጽፋለሁ።

በሩ ተንኳኳ። እማዬ ልትከፍት ብድግ አለች። ተቀመጪ አልኳት፣ ዛሬ አንቺ አትከፍቺም፣ እኔ እከፍታለሁ።