የወጥ ቤቱን በር ዘይት አትቀቢው

ሲስተር፣

ከሆስፒታል ተረኝነትሽ ስትገቢ አታገኚኝም። ሾርባው ድስቱ ውስጥ ነው፣ አሙቀሽ ጠጪ። ጋዙን ዘግቼዋለሁ። ቁልፌን ታች ልብስ ሰፊዋ ጋ ትቼዋለሁ።

ቅዳሜ ያንን ለፈተናው የምለማመደውን፣ ለአንድ ቫዮሊን ብቻ የተጻፈ የባሮክ ዘመን ሙዚቃ የተለያዩ ሰዎች ሲጫወቱት ስናወዳድር፣ እንደ ልማዳችን የተጫዋቹን ስም ሳትነግሪኝ ቅጂዎቹን አንድ በአንድ ከፈትሽልኝ። ሦስተኛው ላይ «ይሄኛው ጣት እንጂ ልብ የለውም፤ ቫዮሊኑን ሸጦ ቢገላገል ይሻለዋል» አልኩ። «እርግጠኛ ነሽ?» አልሽኝ። ደግመሽም ጠየቅሽኝ። እኔ እቴ፣ ሳቅሁ።

ዛሬ ጠዋት ከኦርኬስትራው ፈተና በፊት ጆሮዬን ላሟሽ ብዬ ኮምፒውተሩ ላይ የተውሽውን ያንኑ ሦስተኛ ቅጂ ከፈትኩት። ረጅሙ ድምፅ ሊያልቅ ሲል፣ እዚያው ቅጂ ውስጥ፣ ከሙዚቃው ኋላ፣ የወጥ ቤታችን በር ሲጢጥ አለ።

ለካ ስለማመድ በስልክሽ ቀድተሽኝ ኖሯል።

ሳላውቀው ራሴን ሳደንቅ ልታስደስቺኝ እንደነበር አላጣሁትም። ግን «አንቺው ነሽ» አላልሽኝም። ትናንትም «ታልፊያለሽ» ስትዪኝ ዓይኔን አላየሽም።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ፈተናው አሁን እየተጀመረ ነው፣ እኔ ግን ወንድሜ ቤት እየሄድኩ ነው። አትደውዪልኝ።

ቫዮሊኑ አልጋሽ ላይ ነው። ቅዳሜ ያልኩትን አድርጊው።

ሳህኖቹን ሳላጥብ በመሄዴ ይቅርታ።

በሩን ግን ዘይት እንዳትቀቢው። ዕድሜዬን ሙሉ ተጫውቼ በጨዋታዬ ራሴን አላወቅሁም። እኔ መሆኔን የነገረኝ እሱ ብቻ ነው።