በሻርፕ ተጠቅልሎ የመጣው ካርድ

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ ማታ

ለጨዋታ የምገጣጥመው ኮምፒውተር ኬዝ ወለሉ ላይ ተከፍቶ ተጋድሟል። ማዘርቦርዱ ገብቷል፣ ራሙም ገብቷል። ከመ/ቤት ወጥቼ ፒያሳ ዞሬ ለማሽኑ ኃይል የሚሰጠውን ፓወር ሳፕላይ ገዛሁ። ሻጩ ኦርጅናል ነው ብሎ ማለ። እዚህ አገር ኦርጅናል ያልሆነ ዕቃ የሚሸጥ ሰው መቼም አይቼ አላውቅም! በእጄ መዘን አደረግሁት። ከበድ ይላል። ከባድ ዕቃ ጥሩ ነው።

አሁን የቀረው ግራፊክስ ካርዱ ብቻ። ጨዋታውን ስክሪኑ ላይ የሚስለው እሱ ነው፤ ያለሱ ይሄ ሁሉ ቆርቆሮ። ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራው አክስቴ ሰሚራ ገዝታልኝ ነገ ትገባለች። ቤተሰቡ ሁሉ ለጨዋታ ይሄን ያህል? እያለ ይስቃል። ያልሳቀችብኝ እሷ ብቻ ናት።

ግንቦት 13፣ ረቡዕ

መጣች! ደብተሬ፣ ጉድ ስማ። ካርዱ ካርቶን የለውም። በሻርፕ ተጠቅልሎ ሳሙናና ሎሽን መሃል ተወሽቋል። አሮጌ እንዲመስልና ኤርፖርት እንዳይያዝባት ብላ፣ የፋብሪካ ቁጥሩ ያለበትን ወረቀት ሳይቀር በጥፍር መቁረጫ ፍቃዋለች። ኮራ ብላ ነው የነገረችኝ። ጉንጯን ሳምኳት። ልቤ ግን ድንግጥ አለ። ዋስትና የለ፣ መመለስ የለ።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ

ገጠምኩት። ማራገቢያው አንዴ ዞሮ ቀጥ። ድጋሚ። ቀጥ። ካርዱን ስነቅለው ማሽኑ ይነሳል፣ ስመልሰው ይሞታል። በቃ፣ ሻንጣ ውስጥ ተበላሽቷል።

አክስቴ በር ላይ ቆማ በራልሽ ወይ ትላለች። ገና ነው አልኩ። እሁድ ተመላሽ ናት፤ ሳልሄድ ሲሠራ ማየት አለብኝ ብላለች። የሰው ቤት እየጠረገች የገዛችውን፣ በምን አፌ ሞተ እላታለሁ? አለቀስኩ።

ግንቦት 15፣ አርብ

የመ/ቤት ጓደኛዬ ዮናስ፣ ካርዱ ሳይሆን ኃይሉ አንሶት ይሆናል ብሎ፣ የራሱን ማሽን ፈትቶ ፓወር ሳፕላዩን አዋሰኝ። ራስ መኮንን ድልድይ ጋ ተቀብዬው እሪ በከንቱ እስካለው ቤታችን እንደ ዕንቁላል አቅፌው መጣሁ።

በራ! አልሐምዱሊላህ፣ ካርዱ በራ! ጮህኩ፣ ጎረቤት ወጣ።

የኔን ፓወር ሳፕላይ ብፈታው ውስጡ ቁራጭ ብረት። ምንም ሥራ የሌለው፣ ለክብደት ብቻ በብሎን የታሰረ። በእጄ መዝኜ የገዛሁት እሱን ነው! ልናደድ ብል ሳቄ መጣ። ካርዱ ደህና ነው፤ ሌላው ይተካል። እፎይ። ደህናውን ከዮናስ ጋር ሄጄ እገዛለሁ።

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ

አክስቴ መኪና ነዳች፣ ጨዋታው ውስጥ። ግድግዳ መታች፣ ባሕር ገባች፣ እስክታለቅስ ሳቀች። ከዚያ ኪቦርዱን ለቀቀችና እውነቱን ነገረችኝ። ወረቀቱን ስትፍቅ ያበላሸችው መስሏት፣ ከመጣች ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰዳትም። በራልሽ ወይ የምትለኝም ለዚህ ነበር። ለካ አንድ ጣሪያ ሥር ተደባብቀን ስንፈራ ነው የከረምነው።

በሚቀጥለው ምን ላምጣልሽ አለች። ሰፊ ስክሪን አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ወስኛለሁ፤ ነገ ስሸኛት፣ ምንም አታምጪ፣ ዝም ብለሽ ነዪ እላታለሁ።