ለባዳ የማይነገር

ይድረስ ለውዷ እናቴ፣ ለቤታችን ምሰሶ። እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ ልል ነበር፤ ዛሬ ግን እንዲያ ብዬ አላልፈውም።

ሥራዬ ያው የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። አንሶላ ስተኩስ እውላለሁ፤ እንፋሎቱ ፊቴን ስለሚነፋው ብታዪኝ ወፈርክ ትይኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ስለ ጥገኝነት ጥያቄዬ ቃሌን ልሰጥ ተጠራሁ። ጠያቂዋ ደርባባ ሴት ናት፣ በዕድሜ አንቺን ታህላለች። እስር ቤት ጉዳት ደርሶብህ ነበር ወይ ብላ በአስተርጓሚ ጠየቀችኝ። ጅሉ ልጅሽ ምን ብል ጥሩ ነው? ኧረ ምንም አልሆንኩም፣ ተመስገን! ገመናህን ለባዳ አትንገር ብለሽ አይደል ያሳደግሽኝ? ደግሞስ በእናቴ እኩያ ፊት ሸሚዜን ላውልቅ? እሷም የሰማችውን ጻፈች። አሁን አዲስ ሕግ ወጥቷል፤ ጥያቄው ደካማ የመሰላቸውን ሰው ሳይውል ሳያድር በአውሮፕላን ይመልሱታል። እኔንም ከነዚያ ጋር ደመሩኝ። ከመለሱኝ ደግሞ ቤት አልደርስም፤ የአድማውን ወረቀት አትመሃል ብለው ያሰሩኝ ሰዎች ዛሬም ወንበራቸው ላይ ናቸው።

ጠበቃዬ ይህን ስትሰማ ጭንቅላቷን ያዘች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረታችንን ማን እንደነገራት እንጃ፣ እንደዚያው አድርጋ ተቆጣችኝ። ለምና ለምና ሐሙስ እንደገና እንዲሰሙኝ አደረገች፤ አንድም ሳታስቀር ትናገራለህ ብላኛለች።

እማዬ፣ ትከሻዬ የወለቀው ከብስክሌት ወድቄ አይደለም። እጄን ወደ ኋላ አስረው ሰቅለውኝ ነው። ጀርባዬም ላይ ጠባሳ አለ። ይኸው ተነፈስኩት። አልቅሺ፣ አልከለክልሽም፤ ብቻ እንዳታፍሪብኝ። ባዳ ከመስማቱ በፊት እናቴ ትወቀው ብዬ ነው።

የአባዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ለእሱ አንቺው በዘዴ ንገሪልኝ። ታናሽ እህቴን ጥናትሽን እንዳትዘነጊ በያት፣ ጉንጯንም ሳሚልኝ። አክስቴንም እንዲሁ፤ ደብዳቤውን ግን እንዳታሳዪያት፣ ሳይመሽ ሠፈሩ ሁሉ ይሰማዋል!

አንቺ ደግሞ መርቂኝ። ደብዳቤው ከሐሙስ በኋላ ቢደርስሽም ግድ የለም፤ ብቻ ተናገር ልጄ በይኝ።

የምትወጂው ልጅሽ
ከማደሪያችን፣ ከላይኛው አልጋ
ጥቅምት ፳፪ ቀን