የማን ልጅ ነሽ?

ሰኞ፣ ጁላይ 27

ሙቀት። አንሶላ አጠብኩ፤ የመጨረሻውን ሳሰጣ የመጀመሪያው ደርቆ ጠበቀኝ። ስታማቲስ ቁርሱን በልቶ ወጣ። "ወዴት?" "ቡና ቤት፣ ካርታ ልጫወት።" ባሌ ጀልባውን ሸጦ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ካርታ አግብቷል። ያግባ... እቤት እግሬ ስር ከሚርመሰመስ።

ከሰዓት ኤቫንቲያ መጣች። ሰፈራችን ከገባች ጥቂት ዓመቷ ነው፤ ከጎረቤቶቼ ሁሉ እሷን እወዳለሁ፣ ምላሷን ግን እፈራለሁ። የቼሪ ጣፋጭ በማንኪያ ሰጠኋት፣ ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር። ማንኪያውን እየላሰች፦ "ወደ ባሕር መውረጃው ደረጃ ጥግ ያለችው የድሮዋ የኮርቻ ሰፊው ሱቅ ባር ሆናለች አሉ። አንዲት ልጅ ብቻዋን ነው የምትሠራው አሉ። ኮክቴል! ቱሪስቱ ቆሞ ወረፋ ይጠብቃል አሉ።"

"እንዲህ ነው?" አልኩ። ተነስቼ ሳህን ማጠብ ጀመርኩ። የታጠበ ሳህን።

ልጅቷ የኔ ናት። እዚህ፣ ማንም በማያየው ወረቀት ላይ እንኳ ለመጻፍ እጄ ከበደኝ። ፖሊክሴኒ። አቴንስ ባንክ ቤት ወንበር ነበራት። በፀደይ ጥላው መጣች። "እማዬ፣ የራሴን ባር ልከፍት ነው።" እኛ ልጆች ሳለን ባር ውስጥ የምትሠራ ሴት ምን ትባል እንደነበር አውቃለሁ። ኮማሪት። አስተምሬ፣ ለፍቼ... ኮማሪት? ለጠየቀኝ ሁሉ "እረፍት ላይ ናት፣ ትመለሳለች" እላለሁ። ከባሩ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ነው የምታድረው። ደጇን ረግጬ አላውቅም።

ኤቫንቲያ የምታውቃት ሳሎን ካለው ፎቶ ነው፣ ፀጉሯ ወገቧ ድረስ። አሁን እንደ ወታደር ተቆርጣለች። ብታያትም አትለያትም።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 1

የእመቤታችን ጾም ገባ። ኤቫንቲያ ምሕላው መሃል ጆሮዬ ስር መጥታ፣ "ሰኞ ያችን ባር አብረን እናያታለን" አለችኝ። በጾም? "ሎሚ ውሃ ጾም አያስፈታም።" ምን ብዬ እምቢ ልበል? እምቢ ካልኩ ለምን ትለኛለች።

ሰኞ፣ ኦገስት 3

ጉድ ሠራሁ።

ከምሕላ በፊት ሄድን፤ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ደረጃው ላይ ቁርጭምጭሚቴን አመመኝ አልኳት። ውሸቴን። ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ።

ትንሽዬ ናት። ጓዳ ብታክል ነው። ጥቂት ረጃጅም በርጩማ፣ ግድግዳውን ተከትሎ አንድ አግዳሚ፣ ዝቅ ያለ የእንጨት ጣሪያ። ድንጋዩ ቀዝቃዛ፣ ሽታው የሎሚ ልጣጭ። እኔ የጠበቅኩት ቀይ መብራት ነበር፣ የተራቆተ ጭን፣ ጩኸት። ያገኘሁት ግን ሁለት ጀርመኖች፣ ባልና ሚስት፣ በእኛ ዕድሜ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው በሹክሹክታ ያወራሉ። እና ግድግዳው ላይ ዳንቴሌ። ለትዳሯ ብዬ ሁለት ክረምት ዓይኔን ያፈሰስኩበት። በመስታወት አድርጋ ሰቅላዋለች።

"ዴስፒና፣ ይሄ ዳንቴል የአንቺን እጅ አይመስልም?" አለች ኤቫንቲያ።

"ዳንቴል ሁሉ አንድ ነው።"

ፖሊክሴኒ ከጓሮ በረዶ ይዛ ገባች። አየችኝ። ፊቷ... እንዴት ልበለው? ትንሽ ሳለች ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሜ ስታገኘኝ እንደምትሆነው ሆነች። በራች። የመጣሁላት መሰላት። አፏን ሳትከፍት ኤቫንቲያ ቀደመቻት።

"አንቺ ልጅ፣ የማን ልጅ ነሽ?"

እኛ ከተማ ትልቅ ሰው ልጅ ሲያይ የሚጠይቀው ይሄንኑ ነው። ስምሽ ማነው የሚል የለም።

ፖሊክሴኒ ፈገግ ብላ ወደ እኔ አየች። መልሱን ለእኔ ተወችልኝ። ኤቫንቲያም ዞረች። "ታውቂያታለሽ እንዴ?"

"እኔ? ኧረ አላውቃትም። ከአቴንስ የመጣች ትሆናለች።"

አልኩ። በዚህ አፌ። የቆረብኩበት አፍ።

በረዶው ከእጇ የሚወድቅ መስሎኝ ነበር። አልወደቀም። ቀስ ብላ አስቀመጠችው። "አዎ፣ ከአቴንስ ነኝ" አለች ለኤቫንቲያ። ከዚያ ለእኔ፦ "እመቤቴ፣ ምን ልቅዳልዎት?"

ልቅዳልዎት! ዴስፒና ማለትስ በግሪክኛ እመቤት ማለት አይደል? ስሜን ነው የጠራችው ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። ማንን አታልላለሁ... ልጄ አንቱ አለችኝ።

ሎሚ፣ በሶብላ፣ የኮክ ጭማቂ ደባልቃ ሰጠችን። "አልኮል የለበትም፤ የጾም ነው" አለች፣ ዓይኔን ሳታይ። ጣፈጠኝ። መጣፈጡ ነው ይበልጥ የገደለኝ። ሁለቴ ተጎንጭቼ ተውኩት። ስንወጣ "ደግመው ይምጡ፣ እመቤቴ።"

ኤቫንቲያ መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እሷ! ዝም!

ማክሰኞ፣ ኦገስት 4

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ደወልኩላት። አላነሳችም። አብስሎ መብላትም አስጠላኝ። እሷ በሰው ፊት እናቴን አላውቃትም ብትል ኖሮ... ምን እሆን ነበር?

ሐሙስ፣ ኦገስት 6

ደብረ ታቦር። አባ ወይኑን ባረኩ፣ ዘለላ ዘለላ ይዘን ተመለስን። ለዛሬ የተፈቀደ ነውና ዓሣ ጠበስኩ። ስታማቲስ ዓሣውን እያየ ተቀመጠ። ዓሣ አጥማጅ ዓሣ እምቢ ሲል አይቼ አላውቅም።

"ምነው?"

"ዶሮ ጮኸ ወይ ልልሽ ነበር።"

"የምን ዶሮ?"

"የጴጥሮስ ነዋ!"

ሹካው ከእጄ ወደቀ። "ማን ነገረህ?"

"ማን ይነግረኛል? እያለቀሰች ደረስኩባት።"

ካርታ የሚባል ነገር የለም ለካ! ባሩ ከተከፈተ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እዚያ ነው። ወለል ይጠርጋል፣ በረዶ ይሸከማል። መደርደሪያውን የሠራው እሱ፣ ዳንቴሌን የሰቀለው እሱ። ልጮህበት ተነሳሁ። "ሚስትህን ትደብቃለህ? ይሄን ሁሉ ጊዜ?"

"እኔ የደበቅኩት አንቺን ፈርቼ ነው" አለ። "አንቺስ? ማንን ፈርተሽ ነው?"

"ይሉኝታ ነው" አልኩት።

"ማነው እሱ ይሉኝታ? ሰፈሩን ንገሪኝ፣ ሄጄ ላናግረው።"

ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። አልሳቀም። ዓሣውን ድመቷ በላችው።

እሁድ፣ ኦገስት 9

ቲማቲሙን በሩዝና በናና ሞላሁ፣ እሷ እንደምትወደው፣ ከላይ ትንሽ አረር ያለ። በፎጣ ጠቅልዬ በቀትር ወረድኩ። ማንም ባያየኝ ብዬ የጓሮውን መንገድ ያዝኩ... እዚህም ላይ እንኳ! ይቅርታ ልጠይቅ እየሄድኩ እየተደበቅኩ! ልብ የለኝም። መሃል መንገድ ላይ ራሴን ያዝኩና ወደ ዋናው ደረጃ ተመለስኩ። ሰው ሁሉ ባሕር ላይ ነበር፤ ያየኝ የለም።

ሦስት ቱሪስት ልጃገረዶች ተቀምጠዋል። ፖሊክሴኒ መጠጥ እየበጠበጠች ነው። ሳህኑን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። "ልጄ፣ ምሳ..."

"ይቅርታ እመቤቴ፣ የውጭ ምግብ አናስገባም።"

በዝግታ። በትሕትና። አንዲትም ቁጣ የለባት። ብትሰድበኝ እችለው ነበር።

"ፖሊክሴኒ..."

"ስሜን ከየት አወቁት?"

ልጃገረዶቹ ምንም አልገባቸውም፤ ፈገግ አሉልኝ። ሳህኔን አነሳሁ። ሽቅብ ስወጣ ሳህኑ ፎጣው ውስጥ ገና ትኩስ ነበር፣ ደረቴን አሞቀኝ። አረር ያለውን እኔው ቆሜ በላሁት፣ ወጥ ቤት፣ ጨው እንዳለው እንኳ ሳላውቅ። አባቷን ልላክ? አማላጅ? ለእናትና ለልጅ አማላጅ... ውርደት ነው። ያዋረድኩትም እኔው።

ረቡዕ፣ ኦገስት 12

ዛሬ አላስቻለኝም። ከምሕላ ስንወጣ ኤቫንቲያን ወደ ዛፉ ስር ሳብኳት። ውሃ ሆኛለሁ፣ በላብ።

"ያች የባሯ ልጅ..."

"እህ?"

"የኔ ናት። ልጄ ናት። ዋሽቼሻለሁ።"

ጠበቅኩ። አፏን ትይዛለች፣ ታማትባለች፣ ነገ ከተማው ይሞላል ብዬ። ሻርፗን አስተካከለች።

"አውቃለሁ።"

"ከመቼ?"

"ከተከፈተ ጀምሮ ነዋ! ባልሽ ዝም የሚል ሰው ነው እንዴ? ፎቶዋን ስልኩ ላይ ያላሳየው ሰው አለ? ዳቦ ጋጋሪው ያውቃል። ዲያቆኑ ያውቃል። አባ ራሳቸው ባለፈው ሄደው ሎሚ ውሃ ጠጥተዋል።"

ክንዷን ያዝኩ። "ታዲያ አውቀሽ ለምን የማን ልጅ ነሽ አልሻት?"

"አንቺ ጅል! የኔ ናት እንድትዪ ነዋ! 'ልጄ ናት፣ ብቻዋን ነው ያቆመችው' ብለሽ ትንሽ እንድትኮሪ። ወሬውን አፍሽ ውስጥ ከተትኩልሽ። ዳንቴሉንም አሳየሁሽ፣ እሱንም ካድሽ! ልጅቷን አይቼ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ።"

ዛፉ ስር ተቀመጥኩ። ቆማ ጠበቀችኝ፣ አላጽናናችኝም። ልክ ናት።

መላው ከተማ እያወቀ... እኔ ከማን ነበር የምደብቃት? ልጄን የካድኩት ለማንም አይደለም። ለባዶ። ትርጉም አለው ይሄ? የለውም። ስታማቲስ 'ይሉኝታ ሰፈሩ የት ነው' ያለው ለካ እውነቱን ነው፤ ቤቱ እኔው ጋ ነበር።

አርብ፣ ኦገስት 14

ነገ የእመቤታችን በዓል፣ በስሟ ለተጠራነው ሁሉ የስማችን ቀን ነው። ሰው ሳይጠራ ይመጣል። የለውዝ ኩኪስ ጋገርኩ፣ ዱቄት ስኳር ነሰነስኩበት። ለማን? እሷ በሌለችበት ቤት እንኳን አደረሰሽ ሲሉኝ ምን ልል ነው...

ቅዳሜ፣ ኦገስት 15

ቅዳሴ ሲያልቅ ሴቶቹ ከበቡኝ። ስመው ስመው "ማታ ቤትሽ እንመጣለን" አሉ። "ቤት የለሁም" አልኩ። ድምፄ ቀጠነ፣ እንደገና አልኩት፣ ጮክ ብዬ። "ቤት የለሁም! እንኳን አደረሰሽ ሊለኝ የሚፈልግ ልጄ ባር ይምጣ። ደረጃው ጥግ። የፖሊክሴኒ።"

የዲያቆኑ እናት፣ ዘጠና ሊሞላት ምንም አልቀራት፣ "እሰይ! መቼ ይሆን የምትጠሪን ስል ነበር" አለች። ሁሉም ሳቁ። በእኔ ነው የሳቁት፤ ይሳቁ።

ለልጅቷ ግን አልነገርኳት። የሠራሽውን ሥራ አየሽ ዴስፒና? ሳትጠየቂ በሰው ቤት ድግስ! ትሪውን ተሸክሜ፣ ኋላዬ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጥቁር በጥቁር ተሰልፈው፣ ስንገባ ቱሪስቶቹ ቀብር የመጣ መሰላቸው። ስታማቲስ በረዶ ተሸክሞ ደርቆ ቀረ።

ፖሊክሴኒ ትሪውን አየች። እኔን አየች። "እንኳን አደረሰዎት፣ እመቤቴ። ምን ልታዘዝ?"

ሁሉም ሰሙ። ኤቫንቲያ ጀርባዬን በክርኗ ጎሰመችኝ።

"ይህች ልጄ ናት" አልኩ። ለማን እንደምናገር አላውቅም፣ ለጠርሙሶቹ ይሁን ለሴቶቹ። "ባለፈው እዚሁ ቆሜ አላውቃትም ብያለሁ። አፍሬባት አይደለም... አይ፣ ነው። አፍሬባት ነው። ምንም የሚያሳፍር ነገር ሳትሠራ። የማሳፍረው እኔ ነኝ።" ሌላም ያሰብኩት ነበር፣ ጠፋኝ። ትሪውን የት እንደማስቀምጠው እንኳ ጠፋኝ።

አንድ ብርጭቆ ይዛ ጠረገች። ያንኑ ብርጭቆ ደጋግማ ጠረገች። "እሺ" አለች። እሺ ብቻ። ከዚያ ለሴቶቹ፦ "ተቀመጡ፣ ምን ልቅዳላችሁ?"

ይቅር አላለችኝም። አውቃለሁ። ፊቷን አየሁት፣ ገና ነው፤ ብዙ ይቀራል። እኔም ብሆን አልልም ነበር። ግን ውጪም አላለችኝም። ሰው ከሰው ላይ ተደራረበ፣ ዲያቆኑ መጣ፣ ዳቦ ጋጋሪው መጣ፣ አሮጊቷ "አልኮል ያለበትን ስጪኝ፣ ጾሙ አልቋል!" ብላ ጮኸች። ፖሊክሴኒ ሁለት እጅ ብቻ ነው ያላት። እየተሯሯጠች ሳታየኝ አንድ ቢላዋና አንድ ሳህን ሎሚ ወደ እኔ ገፋች። ልጣጩን ነው የምትፈልገው፤ ሌሎቹን ብርጭቆዎች አይቼ ገባኝ።

ባንኮኒው ውስጥ ገባሁ። መላጥ ጀመርኩ፣ ቤቴ እንደምልጠው፣ ወፈር አድርጌ።

"እማዬ!"

ቢላዋው ቆመ።

"ምን እያደረግሽ ነው? ነጩን ተይው እንጂ! መጠጡን ያመርረዋል አላልኩሽም? ቀጭን አድርጊው፣ ቀጭን! አባዬ እንኳ ያውቀዋል!"

አላለችኝም። አንድ ቀንም አላለችኝም፤ መቼ መጥቼ? ባሩ ሙሉ ዞሮ አየኝ። የያን ቀኖቹ ጀርመኖች ሳይቀሩ። ፊቴ ፍም ሆነ። በስሜ ቀን፣ በቤተ ክርስቲያን ሴቶች ፊት፣ ልጄ በሎሚ ተቆጣችኝ።

ሌላ ሎሚ አነሳሁ።