ሦስት ሰዓት የሚዘለው ኮምፒውተር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12 ቀን

ለቁንጥንጧ ልጄ፣

እንዴት ነሽ? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፁን ያጠፋ ሰው ዛሬ ተነስቶ እንዴት ነሽ ሲል እንደሚያስቅ አውቃለሁ። ሳቂ፤ ብቻ ሳትቀድጂው አንብቢልኝ። ጉልበቴን እንደ ድሮው ያመኛል፤ ፎቶ ቤቱም አልተዘጋም። ደህና ያልሆነው ሆዴ ነው። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል ባየሁ ቁጥር ያቅለሸልሸኛል።

ነገሩ የጀመረው ከኪቦርዱ ነው። ረጅሙ ቁልፍ ተጣብቆ አልነሳ ሲለኝ ገልብጬ አራገፍኩት። የወረደውን ጉድ ብዘረዝርልሽ ምሳሽን ትተያለሽ፤ ፍርፋሪ፣ ፀጉር፣ የደረቀ ማስቲካ፣ የተቆረጠ ጥፍር። ጥፍሩ የራሴ ነው። በዚህ ቆሻሻ ላይ ነው የሙሽሮችን ፊት ሳሳምር የኖርኩት። ቀፈፈኝ። ጀርባውን ልወለውል ስል ከሥሩ በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት አየሁ። ጽሕፈቱ ያንቺ ነው።

"አባዬ፣ ከአሮጌው ሲስተም ወደ አዲሱ ስትገባ ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ወደፊት ይዘላል። ሁለቱ የኮምፒውተሩን ሰዓት የሚያነቡት በየራሳቸው መንገድ ነው። አትደንግጥ።"

ኮምፒውተር የሚያሠሩትን ሁለት ሲስተሞች በአንዱ ላይ የጫንሽው ለእኔው ብለሽ ነበር። አሮጌው ስካነር ከአሮጌው ሲስተም ጋር ካልሆነ አልሠራም አለ፤ ለፎቶ ማሳመሪያው ደግሞ አዲሱ ያስፈልግ ነበር። ዲስኩን ከፋፍለሽ ለሁለቱም ቦታ ሰጠሽ፤ ፎቶዎቹን ሁለቱም በሚደርሱበት ሦስተኛ ክፍል አስቀመጥሽ። ሲበራ የቱን ልክፈት ብሎ አስር ሰከንድ ይጠብቃል፤ ካልመረጡለት አዲሱን ይከፍታል። እኔ "በአንድ ቤት ሁለት አባወራ" እያልኩ አሾፍኩብሽ። አዲሱን በእጄም ነክቼው አላውቅም እያልኩ ለመጣ ለሄደው አወራሁ።

ከዚያ የዳቦ ቤቱ ባለቤት የልጁን ሠርግ ፎቶ ሊወስድ መጣ። ፎልደሩን ስንከፍተው ባዶ ነው። መጨረሻ የተነካው በዋዜማው ቀን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ይላል። እኔ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ቤቴ ሄጃለሁ፤ ያመሸሽው አንቺ ነሽ። በሰውየው ፊት ጣቴን ቀሰርኩብሽ።

"አባዬ፣ ያ ሰዓት አይታመንም። ጽፌልሃለሁ እኮ" አልሽ።

"ሌላ ስታጪ በሰዓት ታመካኛለሽ? ከእንግዲህ አባዬ እንዳትዪኝ" አልኩሽ።

በሳምንቱ ሻንጣሽን ይዘሽ ሄድሽ።

ከትናንት ወዲያ ወረቀቱን ይዤ ቁጭ አልኩና አሰላሁት። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሦስት ሰዓት ሲቀነስ ከቀኑ አስራ አንድ ይሆናል። አስራ አንድ ሰዓት ላይ አንቺ ፎቶ ልታደርሺ ወጥተሽ ነበር። ወንበሩ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። ኮምፒውተሩን አብርቼ ደንበኛ ላናግር ተነሳሁ፤ ስመለስ አዲሱ ተከፍቶ ዲስኩ ሞልቷል ይላል። ያለቀለት ሥራ የመሰለኝን ፎልደር ከፍቼ ያለውን ሁሉ ጠራርጌ አጠፋሁ። ይህን ያን ቀንም ላስታውሰው እችል ነበር። አልፈለግኩም። ከኪቦርዱ እድፍ ይልቅ የሚያስጠላኝ ይሄ ነው።

ትናንት ዳቦ ቤት ሄድኩና ሰው በተሰለፈበት "ፎቶውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አልኩት። ሰውየው እጁን ከዱቄቱ አራገፈና ወደ እኔ ቀረበ።

"ልጅህ ከመሄዷ በፊት እዚህ መጥታ ነበር" አለኝ። "'ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ አባቴን አይቀየሙት፤ ሥራም አይከልክሉት' ብላ እያለቀሰች ለመነችኝ። እኔም እሷን አምኜ ካንተ አልራቅኩም። ከዚያ ወዲህ የሁለት ልጆቼን ምርቃት ያነሳኸው አንተ አይደለህ?"

ዳቦ ሰጠኝ፤ መንገድ ላይ ለአንድ ሰው ሰጥቼው ሄድኩ። ሁለት ዓመት ስበላ የኖርኩት በዚያች ውሸትሽ ነው። ሆዴ አልቀበልም ያለውም እሷን ሳይሆን አይቀርም።

ወረቀትሽን መስኮቱ ላይ፣ ከሙሽሮቹ ፎቶ አጠገብ ለጥፌዋለሁ። ከሥሩ "የሠርጉን ፎቶ ያጠፋው የዚህ ቤት ባለቤት ነው፤ ልጁ አይደለችም" ብዬ በእጄ ጻፍኩ። ሰው ቆሞ ያነባል፤ ገብቶ ለሚጠይቀኝም እነግረዋለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትዪኝ ይሆናል፤ እውነትሽን ነው።

ኮምፒውተሩ አሁንም ሦስት ሰዓት ይዘላል። እኔ ማስተካከል አልችልም፤ የሚችሉ ሰዎች ቢመጡም እንዲነኩት አልፈቀድኩም።

ያለሽበት ቤት ይሙቅሽ። ስትናገሪ የሚሰማሽ፣ ሳትምዪ የሚያምንሽ ሰው አትጪ። እኔ የነሳሁሽን ሌላው ይስጥሽ።

አባዬ እንዳትዪኝ ብዬሻለሁና፣ አንቺ እስክትፈቅጂልኝ ድረስ፣

ፎቶ አንሺው